አባቴ የሸጡት መኪናና እኔ የገዛሁት

አባቴ ትልቁን መኪና ሲይዙ ከሩቅ ይታወቁ ነበር። መኪናው ገና ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን ኮብልስቶን ሳይታጠፍ የናፍጣ ሞተሩ ጉርምርምታ ቀድሞ ይደርሳል፤ እናቴም የያዘችውን አስቀምጣ የግቢውን የቆርቆሮ በር ልትከፍት ትወጣለች። በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የመሥሪያ ቤት እንጂ የሰው አልነበረም። አባቴም ሀብታም ሆነው አልገዙትም። በአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ሹፌር ሆነው አረጁ፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ያረጁ መኪኖቹን በጨረታ አወጣ፤ እሳቸውም ሲነዱት የኖሩትን ይዘው ወደ ቤት መጡ። ድሮ ነጭ ነበር አሉ። እኔ ሳውቀው እንደ ከረመ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ነበር።

ሰው እንደ በቅሎ እርካብ ረግጦ ነበር የሚወጣበት። ከላይ ከተቀመጡ በኋላ የጎረቤት አጥር ውስጥ ሳይቀር ይታያል። ምጥ የያዛት ሴት ከጉና ተራራ ሥር በዚያ መኪና ወርዳለች፤ ሙሽራ ሄዶበታል፤ ሬሳ ሄዶበታል፤ ጣራው ላይ በግና የገብስ ጆንያ አብረው ተጭነዋል። አባቴ መንገድ ላይ እጁን ያነሳ ሰው አያልፉም። ውስጡ ሞልቶ እንኳ “ጠጋ ጠጋ በሉ” ይላሉ እንጂ ቦታ የለም አይሉም። ቤታችን የመጣ ሰው “እሳቸው አሉ?” ብሎ አይጠይቅም፤ “መኪናው አለ?” ነው የሚለው። እናቴ በዚህ ትስቅ ነበር። አባቴ ግን ደስ ይላቸዋል።

አረብ አገር የሄድኩ ዕለት እስከ ባሕር ዳር ያደረሱኝ በዚያው መኪና ነው። ሐሙሲት ላይ ብቻ ቆሙና ሙዝ ገዝተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ሙዙን ይዤው ሄድኩ እንጂ አልበላሁትም፤ አንድ ነገር ብውጥ ለቅሶዬ የሚመጣ መስሎኝ።

ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ተመለስኩ። ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት የአባቴን ትከሻ ነው፤ ጎብጧል። መኪናውም እንደሳቸው አርጅቶ ነበር። ጠዋት ሲያስነሱት ግቢውን በጭስ ይሞላዋል፤ እናቴ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ እያነሳች ታማርራለች። ዳገት ላይ ያስላል። ጋራዥ የሚውልበት ቀን ከሚሄድበት ቀን በለጠ። እኔም በልቤ ወሰንኩና ለማንም ሳልናገር ባሕር ዳር ወረድኩ።

ሻጩ ብዙ መኪና አሳየኝ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው አንዷ ላይ ነው፤ ብርማ፣ ዝቅ ያለች፣ ከኋላዋ ረዘም ያለች። “ስቴሽን ዋገን ናት” አለኝ፤ “ፊቷ የቤት መኪና፣ ሆዷ የጭነት መኪና። የኋላውን ወንበር ብታጥፊው ሰው አልጋ ዘርግቶ ይተኛበታል።” ሌሎቹንም እንዳይ ወተወተኝ። እኔ ግን ከእሷ አልራቅሁም። ለምን እሷን እንደመረጥኩ ለእሱም ለሌላም ሰው አልተናገርኩም።

ደብረ ታቦር ይዣት ስገባ አባቴ ከቤት ወጡ። ዞሩአት። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና ሥሯን አዩ።

“ዝቅ ብላለች” አሉ።

“ለከተማ ናት እኮ አባየ። ነዳጅም አትበላም። የእርስዎ ናት።”

“የእኔ?” አሉ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት፤ “ዕድሜ ይስጥሽ” አሉኝ። ደስታ ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት።

መኪናዋ ሞተሯ ሲነሳ አንዲት ሴት በተቀዳ ድምፅ ከውስጧ በማናውቀው ቋንቋ ትናገራለች። አባቴ የመጀመሪያ ቀን ደንግጠው ዞር ዞር አሉ። እናቴ ከኋላ ሆና “ምን ትላለች? አረብኛ አይደለም?” ብላ ጠየቀችኝ። አረብኛ አይደለም፣ እኔም አላውቀውም አልኳት። “ሰላምታ ይሆናል እንጂ፤ በጠዋቱ ምን ክፉ ትናገራለች” አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ድምፁ በመጣ ቁጥር “እግዚአብሔር ይመስገን” ብለው ይመልሳሉ። ቀልድ አልነበረም። የተናገራቸውን ሰው ዝም ማለት ስለማይሆንላቸው ነው።

ብዙም ሳይቆይ ትልቁን መኪና ከሐሙሲት እስከ ደብረ ታቦር እህል ለሚያመላልስ አንድ ነጋዴ ሸጡት። “ግቢው ለሁለት አይበቃም” ብቻ አሉን። ነጋዴው ሊወስደው የመጣ ቀን እናቴ በሩን ከፈተች፤ አባቴ ግን አልወጡም። ውስጥ ሆነው ድምፁ ከአስፋልቱ ማዶ እስኪጠፋ ተቀምጠው አዳመጡ።

ከዚያ በኋላ ነው እፍረቱ የጀመረኝ።

አባቴ ረጅም ሰው ናቸው። ትልቁ መኪና ላይ ሲቀመጡ ጀርባቸው ቀጥ ይላል፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ሳይወርድ ይነዳሉ። አዲሷ ውስጥ ጉልበታቸው ወደ መሪው ይመጣል፤ ባርኔጣቸው ጣራውን ስለሚነካ አውልቀው ጭናቸው ላይ ያኖሩታል። በአሮጌው ሲሄዱ ከብት እንኳ ድምፁን ሰምቶ መንገድ ይለቅ ነበር። አሁን ባጃጆች አፍንጫችን ሥር ገብተው ይቆማሉ፤ በሬ መጥቶ በመስኮት ያየናል። አባቴ መንገደኛ ማሳፈርም ተዉ። ወንበሮቹ ላይ የነበረውን የፋብሪካ ላስቲክ አላነሳሁትም ነበር፤ ጭቃ ባየሁ ቁጥር እጠርጋለሁ። አታሳፍሩ አላልኳቸውም። ግን ስጠርግ ያዩኝ ነበር። እጁን ያነሳ ሰው ሲያዩ ከመሪው ላይ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ያልፉታል።

አንድ ቅዳሜ ሐሙሲት ገበያ ወርደን ነበር። የእህል ሱቅ በራፍ ላይ የሳቸው እኩዮች የሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። አባቴ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡ፤ ሁለተኛው እንቢ አለ። አንድ እጃቸውን በሩ ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ አድርገው ሊነሱ ሲታገሉ ከተቀመጡት አንዱ “እኔን!” ብሎ ሮጠና በብብታቸው ገብቶ አነሳቸው።

“ደኅና ነኝ፤ እግሬ ደንዝዞብኝ ነው” አሉ አባቴ፣ እጃቸውን እያራገፉ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

እኔ በሌላው በኩል ቆሜ ዕቃ እንደምፈልግ ሰው ቦርሳዬን እበረብር ጀመር። በቅሎ ላይ የነበረን ሰው አውርጄ መሬት ላይ ያስቀመጥኩት መሰለኝ። እንዲህ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ አልኩ በልቤ።

እናቴ በሰላም ከተመለስኩላት ለጣራ ገዳም ጃንጥላ ልታስገባ ተስላ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ሰሞን፣ የገዳሙ በዓል ሲደርስ፣ ሦስታችን ተነሳን። ጃንጥላው ባለ ወርቀ ዘቦ፣ ዘንጉ ረጅም ነው። እዚህ ላይ መኪናዋ ኮራች፤ ግማሽ ወንበር አጥፈን ከኋላ እስከ ፊት ጋደም አደረግነው፤ እናቴ ጎኑ ተቀምጣ እንደ ሕፃን ደገፍ አድርጋ ያዘችው። “በዚያኛው ቢሆን ጣራ ላይ ታስሮ ንፋስ ይጨርሰው ነበር” አለች። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረታን አልፈን አዲስ ዘመን እስክንደርስ ድረስ አስፋልቱ ላይ ዘይት ላይ እንደምትሄድ ነበር። እኔም ትንሽ ልቤ ተመለሰ።

ከአዲስ ዘመን ወደ ገዳሙ የሚወጣው መንገድ ግን ሌላ ነው። ትናንትና ዘንቧል። ትላልቆቹ መኪኖች ጭቃውን አርሰውት ሁለት ጥልቅ ቦይ አውጥተዋል፤ በመሐሉ ያለው አፈር እንደ ዶሮ ደረት ቆሟል። አባቴ ቆም ብለው አዩት።

“እዚህ ትተናት በእግር እንውጣ” አሉ።

“እማየ ጉልበቷን ያማታል እኮ። ትንሽ እንሞክር” አልኩ።

ሞከሩ። ትንሽ ሄድን፤ ከዚያ ከሥራችን አንድ ነገር ፍቅቅ አለ፤ መኪናዋ ሆዷ አፈሩ ላይ ተቀምጦ ጎማዎቿ በባዶ ይዞሩ ጀመር። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሆነም። ነጠላ የለበሰው ምእመን ሁሉ በግራና በቀኝ እያለፈን ይወጣል። “እግዚአብሔር ያውጣችሁ” ይላሉ፤ የሚስቁም አሉ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አየና “ይህች የአስፋልት ናት፤ ምን ልትሠራ መጣች?” አለ። አባቴ ወርደው ጭቃው ውስጥ ቆሙ። ነጭ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተነከረ።

ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው። ከታች፣ ከጥምዝምዙ ወዲያ። አባቴም ሰምተዋል፤ ፊታቸውን አላዞሩም። ትልቁ መኪና ሰው ጢም ብሎ ሞልቶበት፣ ጣራው ላይ ሳይቀር ተቀምጠውበት፣ እያጓራ መጥቶ ከኋላችን ቆመ። ነጋዴው ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። ጥሩ ሰው ነው፤ ይህን መናገር አለብኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ለአባቴ እጅ ነሳ።

“ኧረ አባቴ፣ እርስዎን ጭቃ ላይ ልይዎት? ለእኔ ሰጥተውኝ እርስዎ በእግር?”

“ምንም አይደል” አሉ አባቴ።

ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ። ሰዉ ከመኪናው እየወረደ ከብቦናል። “እኅቴ” አለኝ፣ በደግነት፣ ሁሉም እየሰማው፤ “እንዲህ ያለ አባት አታገኚም። ይህን የመሰለ መኪና ለአንቺ ብለው ነው የሸጡልኝ። ልጄ ከአረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳለች፣ ሆዷ እንዳይከፋ ትንሽ መኪና ልገዛላት ነው ሲሉኝ እኔ ራሴ አለቀስኩ። እግራቸውን ሳሚ!”

“ይገባል፣ ይገባል” አሉ ሴቶቹ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

አባቴን አየኋቸው። ዓይናቸው ጭቃው ላይ ነው። እናቴን አየኋት። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችና ፊቷን ወደ ጃንጥላው መልሳ ያልተጨማደደውን ጨርቅ ታቃናው ጀመር። ያን ጊዜ ውሸቱን እሷም ታውቅ እንደነበር ገባኝ። እኔ ነኝ የገዛሁት ብል ኖሮ አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ይሆናሉ። ዝም ብል ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት አልኖርኩትም ማለት ነው። ሰዉ ይጠብቀኝ ስለነበር ጎንበስ አልኩና የአባቴን ጉልበት ሳምኩ።

ገመድ መጣ። ነጋዴው ቁልፉን ለአባቴ ሰጣቸው። “እርስዎ ይያዙት፤ ጠባዩን ያውቁታል።” አባቴ በሩን ከፍተው እርካቡን ለመርገጥ እግራቸውን አነሱ፤ እግራቸው አልደረሰም። ደግመው አነሱ። አልደረሰም። ነጋዴው ተንበርክኮ ጉልበቱን አዘጋጀላቸው፤ እሱን ረግጠው ወጡ። ትልቁን መኪና ለምን እንደሸጡት በከፊል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መውጣት አቅቷቸዋል። ለማናችንም አልተናገሩም፤ እኔ ደግሞ ዝቅ ያለችውን ይዤ ስመጣ ያዋረድኳቸው መስሎኝ ስቃጠል ከርሜአለሁ። ለካ አንዱ ለመውጣት፣ ሌላዋ ለመውረድ፣ ሁለቱም መኪኖች ሰው ፊት ያሳፍሯቸው ነበር።

እኔ ትንሿ ውስጥ ገብቼ መሪ ያዝኩ። ሞተሩን ሳስነሳ ሴቲቱ ተናገረች፤ የሚመልስላት ሰው አልነበረም። ሰዎች ከኋላ ገፉ፤ አባቴ ከፊት ጎተቱ፤ እንደዚያ ታስሬ፣ የአሮጌውን ጭስ እየተነፈስኩ፣ ወደ ገዳሙ ወጣሁ።

እናቴ ስለቷን አስገባች። አንድ መነኩሴ ተቀብለው “የማን ስለት ነው?” አሉ። “የልጄ። በሰላም አምጥቶልኝ ነው” አለችና እልል አለች። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ከሰው ርቀው ከዛፎቹ ሥር ቆመው ነበር። ሥርዓቱ ሲያልቅ እናቴ ከሴቶቹ ጋር ዳቦ ልትቀበል ቀረች፤ እኔ ወደ አባቴ ሄድኩና እዚያ ያለ የድንጋይ ካብ ላይ አብረን ተቀመጥን።

“አባየ፣ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት?”

በምርኩዛቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

“በእኔ አፍረው ነው? እዚያ ምን እንደሠራሁ ሰው እንዳያውቅ?”

“በአንቺ አይደለም” አሉ። ከዚያ በቀስታ፣ እያረፉ ተናገሩ። “የታችኛው ሰፈር ሰውየ ልጁን አረብ አገር ልኮ ቤት ሲሠራ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ልጁን ሸጦ ቆርቆሮ አለበሰ አልኩ። በሰንበቴው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሌላው ባጃጅ ሲገዛ፣ የሴት ልጁን ጀርባ ይነዳል አልኩ። ሰው ሳቀልኝ። በዚች አፌ ነው ያልኩት። አንቺ ስትሄጂ እንኳ ለትምህርት ነው ያልኩ ሰው ነኝ። አሁን እኔ ያቺን መኪና ይዤ በፊታቸው ስወርድ ምን ልበላቸው?”

“እውነቱን።”

“ከበደኝ” አሉ። “አንድ ቀን ዋሸሁ፤ ከዚያ ውሸቱ ራሱ ይነዳኝ ጀመር። በተቀመጥኩባት ቁጥር አንቺ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።”

ይህን ሲሉ እኔም ለማንም ያልተናገርኩት ነገር መጣብኝ። ነገርኳቸው። የሠራሁበት ቤት እመቤት ልክ እንደዚያች ያለች፣ ከኋላዋ የረዘመች መኪና ነበረቻት። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን የማጥበው እኔ ነኝ። ገበያ ሲሄዱ ልጆቹ ወንበሩን ይሞሉታል፤ እኔን ከኋላ፣ ከዕቃው ጋር፣ ፌስታል መሐል ያስቀምጡኛል። ወንበር የለውም። ጉልበቴን አቅፌ በኋላው መስታወት የሚርቀውን መንገድ አያለሁ። ልጆቹ አንዳንድ ጊዜ ዞር ብለው የሚበሉትን ይወረውሩልኛል፤ ክፋት አይደለም፣ ጨዋታ ነው።

“ሻጩ ብዙ አሳይቶኝ ነበር” አልኳቸው። “እሷን ሳያት ግን አባቴ ከፊት ይቀመጡባት አልኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።”

አባቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። እኔ እንዳላየ ሰው ወደ ዛፎቹ አየሁ።

“ይህን ለእናትሽ ነግረሻታል?” አሉ በመጨረሻ።

“አልነገርኳትም።”

“አትንገሪያት።”

ስንወርድ ነጋዴው ከሰዎቹ ጋር ከመኪናው ጎን ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል። “ኑ፣ አረፍ በሉ” አለን። አባቴ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ “ያቺን መኪና የገዛችው ልጄ ናት” አሉ። “ባዶ እጇን አልመጣችም። ሰው ቤት ሠርታ ነው። ዋሽቼህ ነው፤ ይቅር በለኝ።”

ዳቦው በየሰዉ እጅ ቀረ። ይህን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ስመኘው ነበር። ሲመጣ ግን ደስታው የት እንደገባ አላውቅም። አባቴን ያህል ሰው፣ እጁን ያነሳን መንገደኛ የማያልፍ ሰው፣ ልጁ በሚሆን ነጋዴ ፊት ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ነጋዴው ከእኔ ይልቅ ደነገጠ። “ኧረ አባቴ፣ እኔ ማን ሆኜ” አለ፤ ከዚያ ለእኔ “እኅቴ፣ ሳላውቅ ነው” አለኝና አንገቱን ደፋ። ከሴቶቹ አንዷ ብቻ ለጎረቤቷ “እኔስ ጠርጥሬ ነበር” ስትል ሰማኋት።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደብረ ታቦር ገባ። ሰንበቴው ላይ አንድ ሰው ለአባቴ የራሳቸውን ቃል እንደመለሰላቸው እናቴ ነገረችኝ፤ “የሴት ልጅ ጀርባ ይመቻል ወይ?” ብሎ። አባቴ “ይቆረቁራል” ብለው መለሱና ጠላቸውን ጨርሰው ወጡ አለች። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዱ ነበር። በኋላ ወደ መኪናዋ ተመለሱ፤ ግን እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ይቀመጣሉ። የወንበሩን ላስቲክ ቀድጄ ጣልኩት። አስፋልት ያለበት ድረስ ሰው እንጭናለን። ከዚያ በላይ ላለው ትልቁ መኪና አለ፤ ነጋዴው ስንደውልለት እንቢ ብሎን አያውቅም።

ያላሰብኩት ነገር ግን ሌላ ነበር። መኪናዋ ከአረብ አገር ሥራ የመጣች መሆኗ ሲታወቅ ሰዎች ወደ ቤታችን ይመጡ ጀመር፤ አሁን ግን መኪናው አለ ወይ ብለው አልነበረም። አንዲት እናት ከገጠር ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ አዲስ ነጠላ ለብሳለች፤ የመኪናዋን በር በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ እጇን መለሰች።

“እንዴት እንደምትሄድ አሳዪልኝ” አለችኝ እናቲቱ። “አንቺን ያደረሰሽ እሷንም ያድርሳት።”

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። አየሁአቸው፤ አዩኝ። ቤት አስገብቻቸው በሩን ዘጋሁና ለእናትና ለልጅ እዚያ እንዴት እንደኖርኩ ነገርኳቸው። ከአባቴ ሌላ ለማንም ያልተናገርኩትንም ነገርኳቸው። በረንዳው ላይ አባቴ እየሰሙ ነው፤ እናቴም ከጓዳ እየሰማች እንደሆነ የማሰሮው ድምፅ ሲቆም አወቅሁ። እናቲቱ እስክጨርስ ታገሰችኝ። ከዚያ በመስኮት ወደ ግቢው እያየች “ታዲያ ይህች መኪና ከየት መጣች የኔ እኅት?” አለች። እንዳልሰማች አልነበረም። ሰምታ ነው። ልጅቱን እጇን ይዛ ወጣች፤ መንገዱን ላለማሳየት የዋሸኋት እንደመሰላት ከአረማመዷ ያስታውቃል።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ራሴን ይዛ ደረቷ ላይ አስደገፈችኝ፤ እጇ ሽንኩርት ይሸታል።

ልጅቱ በሌላ ሰው በኩል ሄደች ሲሉ ሰማሁ። ባለፈው ገበያ ላይ ከእናቷ ጋር ተገናኘን። ቅሬታ አልያዘችብኝም፤ ከሩቅ አይታኝ ሮጣ መጣችና ጉንጬን ሳመችኝ። “ደውላልኛለች፤ ደኅና ነኝ ትላለች” አለችኝ። “እንዳንቺ ያድርግልኝ ብቻ።”

አሜን ማለት ነበረብኝ፤ እንዲህ ላለ ምርቃት መልሱ ሌላ አይደለም። አሜን አልኩና አንገቴን ደፍቼ በድንች ሻጮቹ መሐል አልፌ ሄድኩ።